የሞተር ሳይክል ሙዚቃ ድምፁ ሲበላሽ ጉድለቱ የት ይፈለጋል?

በሞተር ሳይክል ላይ የተገጠመ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፁ ሲደክም፣ ሲሰነጠቅ ወይም በጥዝጥዝታ ሲታፈን ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ስፒከሩን ነው፤ አሮጌው ተነቅሎ አዲስ ይገዛና ይገጠማል፣ ጉድለቱ ግን በአዲሱም ላይ እንደ ቀድሞው ይሰማል። ምክንያቱም ስፒከር የረጅም ሰንሰለት የመጨረሻ ክፍል ነውና ከእርሱ በፊት በየትኛውም ቦታ የተፈጠረ ችግር ለጆሮ የሚደርሰው በእርሱ በኩል ነው። ሰንሰለቱ ሙዚቃው ካለበት ስልክ፣ ፍላሽ ወይም ሬዲዮ ይጀምራል፤ ከዚያ የሚወጣው ደካማ ሲግናል ወደ አምፕሊፋየር፣ ማለትም ሲግናሉን ስፒከር ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ ወደሚያጎላው መሣሪያ ይገባል፤ አምፕሊፋየሩም የሚሠራበትን ኃይል ከባትሪውና ከዲናሞው ይቀበላል። ከእነዚህ ክፍሎች የትኛው እንደታመመ የሚነግረው ጉድለቱ የሚሰማበት ጊዜና ሁኔታ ስለሆነ፣ አንድም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ድምፁ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ በዝቅተኛና በከፍተኛ ድምፅ እየተለዋወጠ በጥንቃቄ ሊደመጥ ይገባል።

ሞተር ሳይክል ለሙዚቃ ምቹ ቦታ አለመሆኑንም አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። በአውቶሞቢል ውስጥ ድምፁ በጣሪያ፣ በበርና በመስታወት ተከልሎ ወደ አድማጩ ስለሚመለስ፣ በተለይም ቤዝ የሚባለው ወፍራም ድምፅ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ስለሚጎለብት፣ መካከለኛ ስፒከር እንኳ የሞላ ድምፅ ይሰጣል፤ በሞተር ሳይክል ላይ ግን አብዛኛው ድምፅ ወደ አየር ወጥቶ ይቀራል። በገላጣ ቦታ ከድምፅ ምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ ጥንካሬ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ማድረግ ግን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ የሆነ እንዲመስል ኃይሉ 10 ጊዜ ያህል ማደግ ይኖርበታል። ስለዚህ ስፒከሩን ወደ አሽከርካሪው ማቅረብና ፊቱን ወደ ጆሮው ማዞር ትልቅ አምፕሊፋየር ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ቀጫጭኖቹ ድምፆች እንደ ወፍራሞቹ ወደ ጎን ሳይሰራጩ ወደ ፊት ለፊት ስለሚሄዱ፣ ወደ አሽከርካሪው ደረት ወይም ወደ ነዳጅ ታንኩ የዞረ ስፒከር ምንም ብልሽት ሳይኖርበት የታፈነ መስሎ ይሰማል፤ እንዲህ ያለው ጉድለት የሚድነውም የማያያዣውን ብሎን ፈትቶ አቅጣጫውን በማስተካከል ነው።

ለረጅም ጉዞ የሚሠሩ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ይህን ችግር በከፊል የሚያቃልሉት ከፊት ባላቸው ሰፊ የነፋስ መከላከያ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ባቀረበው የጎልድ ዊንግ ቤተሰብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ኢንተርስቴት የተባለውን ዓይነት መከላከያውና የዕቃ ሣጥኖቹ ከፋብሪካ ተገጥመውለት ሲያወጣ፣ ስፒከር የሚቀመጥበት የተከለለ ቦታ ተገኘ፤ የሃርሊ ዴቪድሰን የጉዞ ሞተሮችም በተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። በኢትዮጵያ ከተሞች በሚታዩት ትናንሽ ሞተር ሳይክሎችና ባለ ሦስት እግር ባጃጆች ላይ ግን የሙዚቃ መሣሪያው ባለቤቱ በኋላ ያስገጠመው ተጨማሪ ዕቃ ነው፤ ዲናሞውም ሆነ የሽቦው መስመር የታሰበው ለመብራት፣ ለጥሩምባና ለሞተሩ ማቀጣጠያ ስለሆነ፣ አብዛኛው የድምፅ ብልሽት መነሻው የኃይል አቅርቦቱ ነው።

የኃይል አቅርቦቱን ለመመርመር ቮልቴጅና የኤሌክትሪክ ተቃውሞ የሚለካው መልቲሜትር ይበቃል። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲለካ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል፤ 12 ቮልት አካባቢ የሚያሳየው ባትሪ ባዶ ወደ መሆን የተቃረበ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ በመካከለኛ ዙር ሲሽከረከር ደግሞ ንባቡ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ አለበት። ከዚህ በታች ከሆነ ዲናሞው ወይም ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ከዲናሞው የሚመጣውን ተለዋዋጭ ጅረት ወደ ቀጥተኛ ጅረት የሚቀይረውና ቮልቴጁን የሚገድበው ክፍል፣ ሊፈተሽ ይገባል፤ ከ15 ቮልት በላይ ከሆነም ሬጉሌተሩ መገደብ አቅቶታልና ባትሪውንም አምፕሊፋየሩንም ከመጉዳቱ በፊት መለወጥ አለበት። የትናንሽ ሞተሮች ዲናሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የሚያመነጨው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ፣ ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ የሚሰነጠቅና ጉዞ ሲጀመር የሚስተካከል ድምፅ ከስፒከሩ ይልቅ ወደ ዲናሞውና ወደ ባትሪው የሚያመለክት ምልክት ነው።

በአምፕሊፋየር ላይ የሚጻፈው የዋት መጠን እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። ቮልቴጅን ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ክፍል በውስጡ የሌለው አምፕሊፋየር ከ14.4 ቮልት ምንጭ 4 ኦም ተቃውሞ ላለው አንድ ስፒከር ሳይዛባ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል በስሌት ከ26 ዋት አይበልጥም፤ በተግባር ደግሞ በውስጡ ከሚባክነው የተነሣ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ ለአንድ ስፒከር 500 ዋት ይሰጣል ተብሎ የተለጠፈበት አነስተኛ ሣጥን ከባትሪው በምን ያህል ፊውዝ በኩል እንደሚመገብ መመልከት እውነቱን ያወጣዋል፤ ፊውዙ 10 አምፔር ከሆነ ከ13.5 ቮልት ጋር ሲባዛ ወደ ውስጥ የሚገባው ኃይል 135 ዋት ስለሆነ፣ የሚወጣው በዘላቂነት ከዚያ ሊበልጥ አይችልም። ይህን አስልቶ የሚገዛ ሰው ከገንዘቡም ከሞተሩ ባትሪም ብዙ ያተርፋል።

ባትሪው ጤናማ ሆኖም ኃይሉ አምፕሊፋየሩ ዘንድ ሳይደርስ በሽቦው ላይ ሊቀር ይችላል። አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር ርዝመት 0.0175 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ከባትሪው እስከ አምፕሊፋየሩ 2 ሜትር፣ ለመመለሻውም ሌላ 2 ሜትር ቢሆን ድምሩ 0.07 ኦም ይሆናል፣ በዚህም ላይ 15 አምፔር ሲያልፍ ከ1 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል። በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢተካ ኪሳራው ወደ ሩብ ቮልት ይወርዳል። ገበያ ላይ መዳብ መስለው የሚሸጡና ውስጣቸው አሉሚኒየም የሆነ ሽቦዎች መኖራቸውንም መዘንጋት አይገባም፤ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ 61 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከውጭ ወፍራም የሚመስለው ሽቦ እንደ ቀጭን ሽቦ ይሠራል። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጎ ከቀይ ሽፋኑ ሥር ነጭ ብረት መኖር አለመኖሩን ማየት ይህን ለመለየት ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ ሲበላሽ ነው። ብዙ ገጣሚዎች የአምፕሊፋየሩን ጥቁር ሽቦ በአቅራቢያ ባገኙት ብሎን ላይ ያስሩታል፤ ብሎኑ ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ከሆነ ግንኙነቱ ደካማ ይሆናል፣ ድምፁም ቤዝ በመጣ ቁጥር ይወድቃል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ሙዚቃው ከፍ ብሎ እየተጫወተ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ጥቁር ሽቦ መግቢያ ላይ ማድረግና ንባቡን ማየት። ንባቡ ለዜሮ የቀረበ መሆን ይኖርበታል፤ 0.3 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ማሳው ወይም ሽቦው ችግር አለበት። ዘላቂው መፍትሔ ሁለቱንም ሽቦዎች በቀጥታ ወደ ባትሪው መውሰድና በፖዘቲቩ ላይ፣ ለባትሪው በጣም ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ፊውዝ ማስገባት ነው። ፊውዙ ከባትሪው ርቆ ከተቀመጠ በመካከል ያለው ሽቦ ተልጦ ከብረቱ ጋር ቢገናኝ የሚያቋርጠው ነገር ስለሌለ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ሽቦው የሚያልፈውም ከነዳጅ ታንክ አጠገብ መሆኑ መታወስ አለበት። ኃይሉን ከፊት መብራት መስመር መጥለፍም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው፤ በአንዳንድ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች የፊት መብራቱ የሚሠራው ከዲናሞው በቀጥታ በሚመጣ ተለዋዋጭ ጅረት ስለሆነ፣ ለቀጥተኛ ጅረት የተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ከዚያ ሲመገብ በጥዝጥዝታ ይታወካል ወይም ይቃጠላል።

ባዕድ ድምፆች እንደየባሕርያቸው ወደ ምንጫቸው ይመራሉ። ሞተሩ ሲነሣ የሚጀምርና ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት የዲናሞው ጅረት ወደ ድምፁ መስመር መግባቱን ያሳያል፤ ከሞተሩ ዙር ጋር እየፈጠነ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ደግሞ ከማቀጣጠያው፣ በተለይም ከካንዴላው ብልጭታ የሚመነጭ ነው። ለኋለኛው ፋብሪካዎች በውስጡ 5 ሺህ ኦም ያህል ተቃውሞ የተቀመጠበትን ካንዴላ ያዘጋጃሉ፤ በጃፓኑ ኤንጂኬ ምርቶች ላይ ይህ ዓይነት በመለያው ውስጥ በላቲኑ «አር» ፊደል ይታወቃል። በጥገና ጊዜ ይህ ፊደል የሌለው ካንዴላ ተተክቶ ከሆነ ሬዲዮው መንጣጣት የጀመረበት ቀን ከዚያ ጥገና ቀን ጋር መግጠሙ አይቀርም። ሞተሩ ጠፍቶም የማይጠፋ ቋሚ ሽሽታ ግን ከሞተሩ ጋር አይገናኝም፤ ከስልኩ የሚወጣው ሲግናል ደካማ ሆኖ አምፕሊፋየሩ ከመጠን በላይ እንዲያጎላ ሲገደድ የሚሰማ ነው።

ለፉጨቱ በጣም የተለመደው ምክንያት ስልኩ ከሞተሩ ባትሪ ቻርጅ እየተደረገ በዚያው ጊዜ በገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር መያያዙ ነው። በዚህ ጊዜ ስልኩ በቻርጀሩ በኩል አንድ ማሳ፣ በድምፁ ገመድ በኩል ሌላ ማሳ ይኖረዋል፤ ሁለቱ መንገዶች ተገናኝተው ቀለበት ሲሠሩና በመካከላቸው ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት ሲኖር፣ ልዩነቱ ራሱ ጎልቶ እንደ ድምፅ ይሰማል። ቻርጀሩ ሲነቀል ፉጨቱ ከጠፋ ምርመራው በዚያው ተጠናቀቀ። መፍትሔውም ሁለቱን ማሳዎች በአንድ ነጥብ ላይ ማሰር ወይም በድምፁ ገመድ ላይ ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ሲግናሉን በማግኔት ኃይል ስለሚያሻግረው ሁለቱ ማሳዎች በገመዱ በኩል አይገናኙም። ይህም ሆኖ የድምፁን ገመድ ከባትሪው ሽቦና ከካንዴላው ገመድ አርቆ ማሳለፍ ምንም የማያስወጣ ጥንቃቄ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ሊሞከር ይገባል።

ድምፁ በዝቅተኛ መጠን ጥሩ ሆኖ ከፍ ሲደረግ ብቻ የሚሻክር ከሆነ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ እየተጠየቀ ነው። አምፕሊፋየር ያለው ቮልቴጅ ሲያልቅበት የድምፁን ሞገድ ጫፍ ማሳየት ስለማይችል ጫፉን ቆርጦ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ይህ መቆረጥ በመጀመሪያው ሙዚቃ ውስጥ ያልነበሩ ሻካራ ድምፆችን ከመፍጠሩም ሌላ የስፒከሩን ውስጣዊ ሽቦ ያግላል፣ በተለይም ቀጭን ድምፅ የሚያወጡትን ትናንሽ ስፒከሮች ያቃጥላል። ብዙ ጊዜ ችግሩን የሚያባብሰው የቤዝ ማጉያው ቁልፍ ነው፤ ቤዝ በ10 ዴሲቤል ከፍ ሲደረግ በዚያ ክልል የሚፈለገው ኃይል 10 እጥፍ ስለሚሆን፣ ሌላው ድምፅ ሁሉ ኃይል ያጣል። ስለዚህ የቤዝና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያዎች ሁሉ ወደ መካከል ተመልሰው፣ የስልኩ ድምፅ ከሙሉው ጥቂት ዝቅ ተደርጎ፣ ከዚያ የአምፕሊፋየሩ መጠን ሻካራነት እስኪሰማ ከፍ ተደርጎ ከዚያ በታች መተው አለበት። ከጥቂት ደቂቃዎች ጨዋታ በኋላ ጭራሽ የሚቋረጥና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ድምፅ ደግሞ የአምፕሊፋየሩ የሙቀት መከላከያ መሥራቱን ያመለክታል፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ከታሰሩ ተቃውሟቸው ወደ 2 ኦም ስለሚወርድ፣ ይህን ለመሸከም ያልተሠራ አምፕሊፋየር የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤዝ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ሁለት ነገሮች ሊመረመሩ ይገባል። የመጀመሪያው የስፒከሮቹ ሽቦ መገልበጥ ነው፤ የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተቀያይሮ ከታሰረ አንደኛው ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ፣ ሁለቱ የሚፈጥሩት የአየር ግፊት እርስ በርሱ ይጣፋል፣ በተለይም ወፍራሙ ድምፅ ይሰወራል። አንዱ ስፒከር ብቻውን ሲጫወት ሁለቱ አብረው ከሚጫወቱት የተሻለ ቤዝ ካለው ጥፋቱ ይህ ነው። ትክክለኛውን ለመለየት ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ ተነቅሎ ባለ 1.5 ቮልት ደረቅ ድንጋይ ለቅጽበት ይነካበታል፤ የድንጋዩ ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ሲገናኝ ሾጣጣው ሽፋን ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ሁለተኛው የስፒከሩ ጀርባ ክፍት መሆን ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከስፒከሩ ፊትና ጀርባ የሚወጡት ተቃራኒ ግፊቶች ሣጥን ካልለያቸው በጠርዙ ዞረው ይገናኙና ይጠፋፋሉ። ስለዚህ በፕላስቲክ መከላከያ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶለት ጀርባው ባዶ የተተወ ስፒከር ምንም ያህል ውድ ቢሆን ቤዝ ሊሰጥ አይችልም፤ ከበስተ ጀርባው የተዘጋ ሣጥን ሲሠራለትና ጠርዙ በስፖንጅ ሲደፈን ግን ለውጡ ወዲያው ይሰማል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ጥርጣሬው ስፒከሩ ላይ ከቀረ ራሱ ስፒከሩ ሊመረመር ይችላል። ባለ 4 ኦም ጤናማ ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ ከ3.2 እስከ 3.7 ኦም ያህል ያሳያል፤ መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ በውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ተቆርጧል። ሾጣጣው ሽፋን በሁለት እጅ ጣቶች ዙሪያውን እኩል ተይዞ በቀስታ ሲገፋ የመፋጨት ድምፅ ከተሰማ ሽቦው ከማግኔቱ ጋር ይነካካል፣ ወይም በማግኔቱ የተሳበ የብረት ብናኝ ገብቶበታል። የወረቀት ሽፋን ዝናብ ሲመታው ውኃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፤ ለሞተር ሳይክል ፕላስቲክ ሽፋን ያለውና ውኃ የማይገባው ስፒከር የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱን ወገን አዛውሮ መፈተንም አስተማማኝ ዘዴ ነው፤ የግራውና የቀኙ ስፒከር ሲቀያየሩ ጉድለቱ ከስፒከሩ ጋር ከተዛወረ ጥፋተኛው ስፒከሩ ነው፣ በነበረበት ወገን ከቀረ ግን ሽቦው ወይም አምፕሊፋየሩ ነው።

ጉድለቱ ገና ከምንጩ የሚጀምርበት ጊዜም ቀላል አይደለም። ስልክ በብሉቱዝ ሲገናኝ ለሙዚቃና ለጥሪ የተለያዩ መንገዶች ይጠቀማል፤ የጥሪው መንገድ በቀድሞው ዓይነቱ ድምፁን በሰከንድ 8 ሺህ ጊዜ ብቻ ስለሚለካ ከ4 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የሲዲ ሙዚቃ ግን በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካ ነው። አንድ መተግበሪያ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ከተወው ሙዚቃው በጥሪው መንገድ ያልፍና እንደ ስልክ ንግግር ቀጥኖ ይሰማል፤ መተግበሪያውን መዝጋትና ግንኙነቱን እንደገና መፍጠር ያስተካክለዋል። ሬዲዮን በተመለከተ ደግሞ በ100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለሚሠራ ጣቢያ የሞገዱ ሩብ 75 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ የተጠቀለለች አጭር ሽቦ አንቴናነቷ የይስሙላ ነው። የፍላሽ ሙዚቃን በኤፍኤም ሞገድ ወደ ሬዲዮው የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎችም፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ እንደ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ካሉ ጣቢያዎች ራቅ ያለ ባዶ ቦታ ካልመረጡ የኃይለኛው ጣቢያ ድምፅ የእነርሱን ይሸፍነዋል።

የሞተሩ ንዝረት እነዚህን ሁሉ ጥገናዎች ቀስ በቀስ ሊያፈርስ ይችላል። በቀለጠ እርሳስ የተያያዘ ሽቦ እርሳሱ በሚያበቃበት መስመር ላይ ስለሚገትር በንዝረት የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው፤ በመቆንጠጫ ተጨምቆ የታሰረና ከመገጣጠሚያው ጥቂት ራቅ ብሎ ከሞተሩ አካል ጋር የተያዘ ሽቦ ግን የበለጠ ይቆያል። ጎርባጣ መንገድ ላይ ብቻ የሚቆራረጥ ድምፅ ሲያጋጥም ሞተሩ ቆሞ ሙዚቃው እየተጫወተ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ማንቀሳቀስ የላላውን ቦታ ፈጥኖ ያሳያል።

በፍጥነት ሲነዳ ብቻ የሚጠፋ ድምፅ ግን የመሣሪያው ብልሽት ላይሆን ይችላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት ጊዜ በሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ብቻውን ወደ 100 ዴሲቤል ሊጠጋ ይችላል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ባወጣው መመዘኛ ደግሞ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ የሚፈቀድ መጠን ነው። ይህን ነፋስ ለማሸነፍ ሙዚቃውን ከፍ ማድረግ የመስማት ችሎታን በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል፤ ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ የነፋሱን ድምፅ መቀነስ ይቀድማል፦ የመከላከያው መስታወት ከፍታ ነፋሱን በሄልሜቱ ጠርዝ ላይ እንዳይጥል ይስተካከላል፣ የሄልሜቱ የአንገት ዙሪያ ክፍተት ይጠብባል፣ በሄልሜት ውስጥ የሚገጠሙት ስፒከሮችም ልክ በጆሮው ቀዳዳ ትይዩ እስኪሆኑ ይዛወራሉ፤ ከዚያ በሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር መራቃቸው ብቻ ቤዙን ያጠፋዋልና። ሙዚቃውንም ነፋሱንም እኩል ዝቅ የሚያደርግ የጆሮ መሰኪያ የሚያደርጉ አሽከርካሪዎች ሙዚቃው የበለጠ ጠርቶ እንደሚሰማቸው የሚናገሩትም ጆሮ በኃይለኛ ጫጫታ ሲጨናነቅ ድምፆችን የመለየት ችሎታው ስለሚዳከም ነው፤ መሰኪያው የተመረጠው ግን የመኪና ጥሩምባና የአምቡላንስ ድምፅ የሚያሳልፍ ዓይነት መሆን አለበት።